ጉበት ሲሰባ ደምም ይለወጣል፦ ስለ ጉበት ስብ፣ ስለ ሜታቦሊዝምና ስለ ደም መርጋት

ባሕር ዳር፦ ትናንት እንቁላል የጣለች፣ አንዳች የሕመም ምልክት ያልታየባት ዶሮ ሲነጋ በቤቷ ውስጥ ሞታ ትገኛለች። በአናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ገርጥቷል። ሆዷ ሲከፈት ጉበቷ ከጥቁር ቀይነት ወደ ቢጫነት ተለውጧል፤ በጣት ሲነካም እንደ ቅቤ ይፈርሳል። በዙሪያው የረጋ ደም ተከማችቷል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በግብርና ኮሌጅ ተማሪ ሳለ በተግባር ትምህርት ላይ ያየው ይህን ነበር። ዶሮዋን የገደላት ወረርሽኝ አልነበረም። ጉልበት ሰጪ መኖ በብዛት እየበላች በጠባብ ቤት ውስጥ ያለ እንቅስቃሴ የምትውል ዶሮ ጉበቷ በስብ ይሞላል፤ አንድ ቀንም ይቀደድና ደሟ ወደ ሆድ ዕቃዋ ፈስሶ ትሞታለች።

የሰው ጉበት በስብ ምክንያት እንዲህ በድንገት አይቀደድም። የነገሩ አጀማመር ግን ይመሳሰላል። መብሉ ከሥራው ይበልጣል፤ ትርፉ ስብ ሆኖ በጉበት ይከማቻል፤ ባለቤቱም ለዓመታት ምንም ሳይሰማው ይኖራል። በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች 30 በመቶ ያህሉ ከልክ ያለፈ ስብ በጉበታቸው እንዳለ ይገመታል። አብዛኞቹ ይህን አያውቁም።

በእኛ ዘንድ የጉበት ሕመም ሲባል በቅድሚያ የሚታወሰው በተለምዶ "የወፍ በሽታ" የሚባለው የዓይን ቢጫ መሆን ነው። ቦርጭ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የድሎትና የጤና ምልክት ተደርጎ ሲቆጠር ኖሯል። እውነታው ከዚህ ይለያል። ጉበታቸው የሰባ ሰዎችን ከሁሉ በላይ ለሞት የሚዳርጋቸው የልብና የደም ሥር ሕመም ነው። የጉበት ስብ እንዴት ልብንና አንጎልን እንደሚጎዳ ለመረዳት ጉበት በደም ላይ ያለውን ሥልጣን ማወቅ ያስፈልጋል።

የጉበት ሥራ

የአዋቂ ሰው ጉበት ከ1 ነጥብ 2 እስከ 1 ነጥብ 5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። መቀመጫው በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንቶች ሥር ነው። ምግብ ከተፈጨ በኋላ ከአንጀት የሚነሣው ደም ወደ ሌላው የሰውነት ክፍል ከመሠራጨቱ አስቀድሞ በጉበት በኩል ያልፋል።

ጉበት በዚህ ደም ውስጥ ከመጣው ስኳር የተወሰነውን እንደ ጎተራ እህል ያስቀምጣል፤ ሌሊት በእንቅልፍ ወይም በጾም ሰዓት ደግሞ መልሶ ያወጣዋል። ስብን ለመፍጨት የሚረዳውን ሐሞት ያመነጫል። መድኃኒትን፣ አልኮልንና መርዛማ ነገሮችን ያከሽፋል። በተጨማሪም ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን፣ ከልክ በላይ እንዳይረጋ የሚከላከሉትንና የረጋውን ለማሟሟት የሚያገለግሉትን ፕሮቲኖች በአብዛኛው የሚሠራው እርሱ ነው።

ስብ ወደ ጉበት የሚገባባቸው መንገዶች

በጤናማ ጉበት ውስጥ ያለው ስብ ጥቂት ነው። ከጉበት ሕዋሳት ከ5 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስብ ከተሸከሙ ጉበቱ ሰብቷል ይባላል። ስቡ የሚመጣው ከሦስት ምንጮች ነው። ትልቁን ድርሻ የሚይዘው በሰውነት ተከማችቶ ከነበረው ስብ እየተፈታ በደም በኩል የሚደርሰው ነው። ሁለተኛው ከስኳርና ከሌላ ኃይል ሰጪ ምግብ ትርፍ ጉበት ራሱ የሚሠራው ሲሆን፣ ሦስተኛው በቀጥታ ከምንበላው ቅባት የሚገኘው ነው።

የዚህ ሁሉ ተቆጣጣሪ ከጣፊያ ሳይሆን ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ስኳር ወደ ሕዋስ እንዲገባ ያደርጋል፤ የተከማቸ ስብም ከቦታው እንዳይለቀቅ ይጠብቃል። በሆድ ዕቃ ዙሪያ ሞራ ሲበዛና እንቅስቃሴ ሲያንስ ግን ሰውነት ለኢንሱሊን ትእዛዝ መታዘዝ ይቀንሳል። ያን ጊዜ የስብ ማከማቻው ይለቃል፤ የተለቀቀውም ወደ ጉበት ይጎርፋል። ጉበትም ስኳር ማውጣቱን ሳያቆም ስብ መሥራቱን ይቀጥላል። ስኳር የበዛባቸው መጠጦች ደግሞ ነገሩን ያባብሱታል፤ ከስኳር ግማሹ የሆነው ፍሩክቶስ በአብዛኛው የሚስተናገደው በጉበት ነውና።

አልኮልም በራሱ ጉበትን ያሰባል። ጠላ፣ ጠጅ፣ ቢራም ሆነ አረቄ ሁሉም ወደ ጉበት ይሄዳሉ። በተለይ አረቄ በጥቂት መለኪያ ብዙ አልኮል የያዘ ነው። ቦርጭና የስኳር ሕመም ባለበት ሰው ላይ መጠጥ ሲጨመር ጉዳቱ ይደራረባል።

የጉበት ስብ የጥጋብ በሽታ ብቻ እንዳልሆነ ማስታወስ ተገቢ ነው። በከፍተኛ የምግብ እጥረት፣ ክዋሺዮርኮር በተባለው የሰውነት ማበጥ የሚሠቃይ ሕፃን ጉበቱ በስብ ይሞላል። ቀጭን የሆኑ አዋቂዎችም ሊያዙ ይችላሉ። ከብት አርቢዎች ይህን በላም ላይ ያውቁታል። ከመውለዷ በፊት ከልክ በላይ የደለበች የወተት ላም ከወለደች በኋላ የምትበላው ለወተቱ አይበቃትም፤ የገላዋ ስብ በፍጥነት እየተፈታ ጉበቷን ያጥለቀልቀዋል፤ መብላት ታቆማለች፤ ወተቷም ይቀንሳል። ለጉበት ክፉው ነገር የስብ መብዛት ብቻ ሳይሆን ሥርዓቱን መሳቱ ጭምር ነው።

ሥርዓቱ ሜታቦሊዝም ይባላል። ሰውነት የበላነውን ወደ ጉልበት፣ ወደ ሥጋና ወደ ስንቅ የሚለውጥበት አሠራር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ዓለም አቀፍ የጉበት ሕክምና ማኅበራት ቀድሞ "ከአልኮል ያልመጣ የጉበት ስብ" ይባል የነበረውን ሕመም ስያሜ ለውጠው ከሜታቦሊዝም መዛባት ጋር በግልጽ አያይዘውታል።

አምስቱ መለኪያዎች

የሜታቦሊዝምን ጤና ለማወቅ ባለሙያዎች አምስት ነገሮችን ይመለከታሉ።

• የወገብ ዙሪያ፦ ለወንድ 94 ሴንቲ ሜትር፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ወይም ካለፈ፤
• የደም ግፊት፦ 130/85 ከደረሰ ወይም ካለፈ፤
• ምግብ ሳይበላ የተለካ የደም ስኳር፦ 100 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ከደረሰ ወይም ካለፈ፤
• ትራይግሊሰራይድ የተባለው የደም ቅባት፦ 150 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ከደረሰ ወይም ካለፈ፤
• ጠቃሚው ኮሌስትሮል፦ ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ካነሰ።

ከአምስቱ ሦስቱ የተገኙበት ሰው ሜታቦሊዝሙ ተዛብቷል ይባላል፤ ጉበቱም የመስባት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ደም እንዴት ይረጋል?

ማጭድ ጣትን ሲቆርጥ ደሙ ጥቂት ፈስሶ ይቆማል። በቅድሚያ ፕላትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ሕዋሳት በቁስሉ ላይ ተሰብስበው ቀዳዳውን ይደፍናሉ። ቀጥሎ ደም አርጊ ንጥረ ነገሮች አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ ይሠራሉ፤ የመስኖ ቦይ በሮች ተራ በተራ እንደሚከፈቱ ማለት ነው። በመጨረሻ ፋይብሪኖጅን የተባለው ፕሮቲን ወደ ክር ተለውጦ ድፍኑን እንደ መረብ ያጠብቀዋል። ንጥረ ነገሮቹ በሮማውያን ቁጥር ከአንድ እስከ 13 የተሰየሙ ሲሆን 6ኛው ቁጥር በኋላ ተሰርዟል። አብዛኞቹ የሚሠሩት በጉበት ነው።

ይህ እውቀት በከፊል ከዶሮ ቤትና ከከብት በረት የተገኘ መሆኑ ለአርሶ አደር አንባቢ ደስ የሚያሰኝ ነው። ዴንማርካዊው ተመራማሪ ሄንሪክ ዳም እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ ቅባት የሌለው መኖ የበሉ ጫጩቶች ደማቸው ሳይረጋ ሲደሙ ተመለከተ። ከምርምሩም ቫይታሚን ኬ ተገኘ፤ ስሙ የተወሰደው በዴንማርክና በጀርመን ቋንቋዎች "መርጋት" ከሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ነው። ዳም በዚህ ግኝት የ1943ን የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ጉበት 2ኛውን፣ 7ኛውን፣ 9ኛውንና 10ኛውን አርጊ ንጥረ ነገር ሠርቶ ለማጠናቀቅ ይህን ቫይታሚን ይፈልጋል።

በዚያው ዘመን በሰሜን አሜሪካ ስዊት ክሎቨር የተባለ፣ ለእኛው ማገጥ ቅርብ የሆነ የመኖ ተክል ድርቆሽ ሲሻግት የበሉት ከብቶች እየደሙ ይሞቱ ነበር። በ1933 በዊስኮንሲን ግዛት አንድ አርሶ አደር የሞተች ጊደርና በወተት መያዣ የተሞላ የማይረጋ ደም በበረዶ መንገድ ጭኖ ለካርል ሊንክ ቤተ ሙከራ አደረሰ። ሊንክና ባልደረቦቹ ከሻገተው ድርቆሽ የቫይታሚን ኬን ሥራ የሚያግደውን ንጥረ ነገር ለዩ። ዛሬ የልብ ሕሙማን ደማቸው እንዳይረጋ የሚወስዱት ዋርፋሪን የዚህ ምርምር ልጅ ነው።

ጉበት ሲሰባ ሚዛኑ ወዴት ያጋድላል?

ጤናማ ጉበት ደም አርጊውንም መርጋትን ተከላካዩንም ስለሚሠራ ደም በሥሩ ውስጥ ሳይረጋ ይፈስሳል፤ ቁስል ሲኖርም ይረጋል። ጉበት ሲሰባ ይህ ሚዛን በአብዛኛው ወደ መርጋት ያጋድላል። በደም ውስጥ የፋይብሪኖጅንና የ8ኛው አርጊ ንጥረ ነገር መጠን ከፍ ይላል። የደም ቅባት ሲበዛ የ7ኛው ንጥረ ነገር ብርታት ይጨምራል። ከስብና ከጉበት የሚመነጭ ሌላ ፕሮቲን ደግሞ የረጋ ደም እንዳይሟሟ ይከለክላል። በአንድ ወገን ደሙ ለመርጋት ይቸኩላል፤ በሌላ ወገን የረጋው ቶሎ አይፈታም።

በዚህ ላይ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም የደም ሥርን ግድግዳ ያቆስላሉ። በቆሰለ የደም ሥር ውስጥ ለመርጋት የተዘጋጀ ደም ሲያልፍ የረጋው ደም የልብን ሥር ቢዘጋ የልብ ድካም ሳይሆን ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ የአንጎልን ቢዘጋ ስትሮክ ያስከትላል። በእግር ሥር ውስጥ የረጋ ደምም ተነሥቶ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ጉበቱ የሰባና ክብደቱ የበዛ ሰው ረጅም ጉዞ በአውቶቡስ ሲጓዝ በየማረፊያው ወርዶ መራመድ የሚገባው ስለዚህ ነው።

ስቡ ለዓመታት ሲቆይ ከሕሙማኑ በከፊሉ ላይ ጉበት ይቆጣል፤ ቁጣው ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው ሲበዛም ሲሮሲስ ወደሚባለው የጉበት መጠጠር ይደርሳል። አብዛኞቹ ሰዎች እዚህ ደረጃ አይደርሱም፤ የደረሱት ግን ለጉበት ካንሰር ጭምር የተጋለጡ ይሆናሉ።

በሲሮሲስ ደረጃ ታሪኩ ይለወጣል። ጉበት ብዙዎቹን አርጊ ንጥረ ነገሮች በበቂ መጠን መሥራት ያቅተዋል። ጣፊያ አብጦ ፕላትሌቶችን በውስጡ ይይዛል። በጉሮሮ ቧንቧ ታችኛው ክፍል ያሉ ደም ሥሮች ተወጥረው ሊፈነዱ ይችላሉ። እንዲህም ሆኖ መርጋትን የሚከላከሉት ፕሮቲኖች አብረው ስለሚቀንሱ ወደ ጉበት በሚገባው ዋና ደም መልስ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። የላቦራቶሪ ውጤት ደሙ ለመርጋት እንደሚዘገይ ቢያሳይም ያ ብቻውን ከመርጋት አደጋ ነጻ መሆንን አያረጋግጥም። ያው ሰው ለመድማትም ለመርጋትም የተጋለጠ ነው። ወደዚህ ከመድረስ በፊት መመርመር የሚበጀው ለዚህ ነው።

ምርመራው

የሰባ ጉበት በአብዛኛው አያምም። አንዳንዶች ድካም ወይም በቀኝ ጎን የመክበድ ስሜት ይኖራቸዋል። የጉበት ኢንዛይሞች የደም ምርመራ ጤናማ ሆኖ ሳለ ጉበቱ የሰባ ሊሆን ስለሚችል በእርሱ ብቻ መዘናጋት አይገባም። አልትራሳውንድ ስቡን ያሳያል፤ ጥቂት ሲሆን ግን ሊያመልጠው ይችላል።

ጠባሳ መኖር አለመኖሩን ለመገመት ሐኪሞች ፊብ-4 የተባለ ስሌት ይጠቀማሉ። ስሌቱ የሚፈልገው የታካሚውን ዕድሜ፣ ሁለት የጉበት ኢንዛይሞችንና የፕላትሌት ቁጥርን ነው። ውጤቱ ከ1 ነጥብ 3 በታች ከሆነ የከፋ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ዝቅተኛ ነው፤ ከ2 ነጥብ 67 በላይ ከሆነ ለተጨማሪ ምርመራ ወደ ስፔሻሊስት መሄድ ያስፈልጋል። ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ዝቅተኛው ወሰን 2 ነው። ከዚሁ ጋር ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ አብረው መመርመር አለባቸው፤ ቫይረሱና ስቡ በአንድ ጉበት ላይ ሊገናኙ ይችላሉና።

መፍትሔው

መልካሙ ዜና የጉበት ስብ የሚመለስ መሆኑ ነው። የሰውነትን ክብደት በ5 በመቶ መቀነስ በጉበት ያለውን ስብ ይቀንሳል፤ ከ7 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ቁጣውን ያበርዳል፤ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ጠባሳውም ሊሻሻል ይችላል። 80 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው የመጀመሪያው ግብ 4 ኪሎ፣ ቀጣዩ ከ5 ነጥብ 6 እስከ 8 ኪሎ ነው። ይህ በወራት እንጂ በቀናት የሚደረግ አይደለም። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ በቂ ነው። ራስን አስርቦ በፍጥነት መክሳት በላሟ ላይ እንዳየነው ስቡን በአንድ ጊዜ ወደ ጉበት ሊያጎርፈው ይችላል።

በመብል በኩል የመጀመሪያው እርምጃ ስኳርን መቀነስ ነው። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው። በሻይ የሚጨመረውም መቆጠር አለበት። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ጎመንና ሌሎች አትክልቶች ለጉበት የሚስማሙ ናቸው፤ ዘይታቸው ግን በልክ መሆን ይኖርበታል። የሚረጋው ዘይትም ከፈሳሹ ይልቅ ጉበትን የሚያሰባ ቅባት ይበዛበታል። የጾም ምግብ ስለሆነ ብቻ ቀላል ነው ማለት አይቻልም፤ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ፣ ነጭ ዳቦና ፓስታ በጾምም ቦርጭ ያወጣሉ። ቡና ያለ ስኳር ወይም በጥቂት ስኳር መጠጣት ግን የሚፈራ አይደለም፤ ቡና አዘውትረው በሚጠጡ ሰዎች ላይ የጉበት ጠባሳ አነስተኛ ሆኖ እንደሚታይ በተደጋጋሚ ጥናቶች ተመልክቷል። ጉበቱ የሰባ ሰው ከአልኮል ቢርቅ ይመረጣል።

በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ልብን ከፍ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ክብደት ባይቀንስ እንኳ ጉበትን ይጠቅማል። በእርሻና በአጨዳ ወቅት አርሶ አደሩ ከዚህ በላይ ይሠራል፤ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ወቅት ግን መብሉ ሳይቀንስ እንቅስቃሴው ይቀንሳል። በወንበር ለሚውለው የከተማ ነዋሪ ደግሞ በቀን የግማሽ ሰዓት ፈጣን እርምጃ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ መጠኑን ይሞላል።

መድኃኒትም መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሬስሜቲሮም፣ በ2025 ደግሞ ሴማግሉታይድ በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለተቆጣና መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ጠባሳ ለያዘ ጉበት ሕክምና ፈቃድ አግኝተዋል። ሁለቱም ከአመጋገብና ከእንቅስቃሴ ጋር አብረው የሚሰጡ እንጂ የእነርሱ ምትክ አይደሉም።

ሦስት ጥንቃቄዎች ሊዘነጉ አይገባም። አንደኛ፣ ለወፍ በሽታ ተብሎ የሚጠጣ መጠኑ ያልታወቀ ሥር ወይም ቅጠል የታመመን ጉበት ጨርሶ ሊጥለው ይችላል። ሁለተኛ፣ ደሜ እንዳይረጋ በሚል አስፒሪን በራስ ፈቃድ መጀመር የጨጓራ ደም መፍሰስ ያመጣል። ሦስተኛ፣ ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች የጎመን አበላላቸው የማይለዋወጥ ይሁን። ጎመን ቫይታሚን ኬ በብዛት ስላለው ጾም ሲገባ በድንገት ሲበዛ መድኃኒቱን ያዳክማል፤ ጾም ሲፈታ በድንገት ሲቀር ደግሞ ያበረታዋል። ጎመንን መተው አያስፈልግም፤ ለውጥ ካለ ሐኪሙን ማሳወቅና የደም ምርመራውን ማድረግ ይገባል። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም ከመጾማቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።

ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና የሚያስሄዱ ምልክቶች

ደም ማስታወክ፣ እንደ ቅጥራን የጠቆረ ሰገራ፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሆድ በውኃ መነፋትና የአእምሮ መደናገር የጉበት መዳከም ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። የአንድ እግር ብቻ ማበጥ፣ መሞቅና መታመም፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠርና የደረት ሕመም፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ እጅ መዛልና የአንደበት መተሳሰር ደግሞ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሲታዩ እስኪነጋ መጠበቅ ሕይወት ያስከፍላል።

ዶሮዋ ስትሞት ባለቤቷ ያየው እንቁላሏን እንጂ ጉበቷን አልነበረም። የሰው ጉበት ግን ሳይከፈት የሚታይበት መንገድ አለው። ለመጀመር የሚያስፈልገው ልብስ ሰፊ የሚጠቀምበት ሜትር ነው፤ በእምብርት አካባቢ ወገብን መለካት። ቀጥሎ በአቅራቢያ በሚገኝ ጤና ጣቢያ የደም ግፊትንና የደም ስኳርን ማስመርመር። ልጅን ለማስከተብ ወይም የታመመ ለመጠየቅ ወደ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው እግረ መንገዱን የራሱንም ቢያስለካ ለዓመታት በዝምታ የተከማቸውን ነገር በጊዜ ሊደርስበት ይችላል።